አንጀት አንጀትን ሲውጥ፦ ስለ ሕፃናት ኢንተሰሰፕሽን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምሠራው መሃል አዲስ አበባ ባለ አንድ ሆስፒታል የአልትራሳውንድ ክፍል ውስጥ ነው። ከፒያሳም፣ ከካዛንቺስም፣ ከልደታም ልጃቸውን አቅፈው የሚመጡ ቤተሰቦች ምርመራውን አብዛኛውን ጊዜ እቤታቸው ጨርሰውት ነው፤ እናት «አሜባ ነው» ትላለች፣ አክስት «ጥርሱ ሊወጣ ነው»፣ አያት ደግሞ «የሰው ዓይን»። በጥቂቶቹ ላይ ግን የማየው ሌላ ነው። ሹራብ ስናወልቅ እጅጌው ወደ ውስጥ እንደሚገለበጥ፣ የትንሹ አንጀት ጫፍ ትልቁ አንጀት ውስጥ ገብቶ ተሸጉጧል። ሐኪሞች ኢንተሰሰፕሽን ይሉታል። በብዛት የሚይዘው ከ3 ወር እስከ 3 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው።

«ዝም አለ፤ ተሻለው»

ከሁሉም አታላዩ ይህ ነው። ሕፃኑ ድንገት ይጮኻል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ይሰበስባል፣ ይገረጣል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልነበረ ይረጋጋል፣ ጡትም ይይዛል። ከ15 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይጀምረዋል። በመካከሉ ያለውን ዝምታ ቤተሰብ እንደ ፈውስ ይቆጥረዋል። ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ዝምታው ይረዝማል፤ ሕፃኑ ይፈዝዛል፣ ሲጠሩትም አይዞርም። ጭራሽ ሳያለቅሱ ፈዝዘው ብቻ የሚመጡም አሉ፤ እነሱን ማንም በሆድ ሕመም አይጠረጥራቸውም።

«ደም ያለው ሰገራ አሜባ ነው»

በአገራችን ሆድ የነካ ነገር ሁሉ አሜባ ነው። የሜትሮኒዳዞል ሽሮፕ ከመድኃኒት ቤት ይገዛል፣ ቀናት ይቆጠራሉ። አንዲት የስምንት ወር ልጅ ይህንኑ ሽሮፕ ሦስት ቀን ስትወስድ ቆይታ መጣች፤ ያዘዘላት ክሊኒክ ሆዷን በእጁ እንኳን አልዳበሰም። ከእኔ ክፍል በቀጥታ ወደ ቀዶ ጥገና ነው የሄደችው።

የተዋጠው አንጀት የደም ሥሮቹን ይዞ ነው የሚገባው። እዚያ ይታነቃሉ፣ አንጀቱ ያብጣል፣ ከዚያም ደምና ንፍጥ ተቀላቅሎ እንደ ቀይ ማርማላታ ይወጣል። ስለዚህ ደሙ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ቁርጠት፣ ትውከትና ደም ሦስቱም አንድ ላይ የሚገኙት በጥቂት ሕፃናት ላይ ብቻ ነው። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ ሌላ ምልክት አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

«ሆዱን ማሸት፣ እንጥሉን ማስቆረጥ»

በታነቀ አንጀት ላይ የሚያሽ እጅ አንጀቱን ሊጎዳ ይችላል። እንጥልማ ከዚህ ነገር ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ቢቆረጥ የሚተርፈው ቁስልና የባከነ ሰዓት ነው።

«ራጅ ካልተነሳ አይታወቅም»

ራጅ ምንም ችግር የሌለ መስሎ ሊወጣ ይችላል። አልትራሳውንድ ግን በሽታውን አያመልጠውም ማለት ይቻላል፤ በመሃል የተቆረጠ ቀይ ሽንኩርት ይመስል ክብ በክብ ላይ ተደርቦ ይታያል። መሣሪያው የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ ጨረር የለውም። «ልጄን ጨረር ልታስነኩብኝ ነው» ብለው የሚፈሩ አባቶችን በየጊዜው የማረጋጋው ይህን በመንገር ነው።

«መፍትሔው ቢላዋ ብቻ ነው»

የዴንማርኩ ሐኪም ሃራልድ ሂርሽስፕሩንግ በፊንጢጣ በሚገባ ውሃ ግፊት ሕፃናትን ማከሙን በጽሑፍ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። በአልትራሳውንድ እየታየ መሥራት የተጀመረው ደግሞ በ1980ዎቹ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሕፃኑ ግሉኮስና ፈሳሽ በደም ሥሩ ይሰጠዋል፣ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይነገረዋል። ከዚያ ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ ይገባና ውሃ እንዳያመልጥ መቀመጫው በፕላስተር ይጣበቃል። ለብ ያለ የጨው ውሃ የያዘ ከረጢት ከሕፃኑ በላይ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የሚገፋው የውሃው ክብደት ነው። በስክሪኑ ላይ የተዋጠው አንጀት ራስ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ይታየኛል፤ ሁለቱ አንጀቶች የሚገናኙበት በር ላይ ሲደርስ ግግም ይላል። ብዙ ጊዜ ትንፋሼን የምይዘው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ድንገት ሹልክ ይልና ውሃው ወደ ትንሹ አንጀት ይጎርፋል። አለቀ። አንዱ ሙከራ 3 ደቂቃ ያህል ነው፤ ካልሆነ ይደገማል፣ እስከ 3 ጊዜ።

በጊዜ ከመጡ 100 ሕፃናት 80ው እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት በዚህ ብቻ ይድናሉ። አንጀት የመበሳት አደጋው ከመቶ አንድ አይሞላም። በአየር ግፊት የሚሠራውም ዘዴ ውጤታማ ነው፤ ግን በተለምዶ የሚታየው በራጅ ስለሆነ ጨረር አለበት።

ይህን የሰማ አንድ አባት «ታዲያ እቤት ብናደርገውስ?» አለኝ። አይሆንም። አንጀቱ ሳይታይ ውሃ መግፋት በጨለማ መርፌ እንደ መውጋት ነው።

ሆዱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ፣ አንጀቱ የተበሳ ወይም ራሱን የሳተ ሕፃን ግን ውሃ አይገፋለትም። ለእሱ ቀዶ ጥገናው ሕይወቱ ነው፤ «በውሃ ካልሆነ አናስቀድድም» ብሎ መከራከር አይገባም።

«ያመጣው ክትባቱ ነው»

አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው አይታወቅም፤ ከጉንፋን ወይም ከተቅማጥ በኋላ በአንጀት ግድግዳ ያሉ ዕጢዎች ማበጣቸው ይጠረጠራል። ወሬው ግን መነሻ አለው፤ አሜሪካ ውስጥ አንድ የሮታ ቫይረስ ክትባት በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1999 ከገበያ ወጥቷል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የጀመረችው ሌላ ነው። እሷን ጨምሮ በ7 የአፍሪካ አገሮች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ከክትባቱ በኋላ የጨመረ አደጋ አላገኘም።

«አንዴ ከተመለሰ አይደገምም»

ከ10 ሕፃናት በአንዱ ይደገማል፤ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ቀናት። ቢደገምም ውሃው እንደገና ይሠራል። ባለፈው ዓመት በውሃ የዳነ ልጇን ይዛ ወደ ቤት የሄደች እናት በማግስቱ ማታ ተመልሳ መጣች። ጉልበቱን ሲሰበስብ ያየችው ከአንድ ሰዓት በፊት ነበር። ከረጢቱን ሰቀልን፤ 3 ደቂቃ ሳይሞላ አንጀቱ ወደ ቦታው ገባ።