ዳስ ውስጥ የሰማኋቸው የጉልበትና የትከሻ ወሬዎች፤ እውነታውስ?

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ቢቸና አካባቢ ሄጄ ነበር። ዳስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። «ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ያለበትን ሰው በእንቅስቃሴ አክማለሁ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ጠላዬን በሰላም አልጠጣሁም። አንዱ ሱሪውን ሰብስቦ ጉልበቱን ያሳየኛል፣ ሌላው ትከሻውን ያንቋቋልኛል። ሁሉም ደግሞ የሕመሙን ምክንያት አስቀድሞ ያውቀዋል። እዚያ በደንብ ያልመለስኩትን እዚህ ልመልስ።

«ጉልበቴ ዘይቱ አልቋል፤ ከእንግዲህ መቀመጥ ነው»

ይህን ያሉት አጎቴ ናቸው። 70ን አልፈዋል። ጉልበታቸውን እንደ አሮጌ አይሱዙ ሞተር ነው የሚያዩት፤ ዘይቱ ደረቀ፣ ስለዚህ ይቁም።

መጀመሪያ ስለ ዘይቱ። ጤነኛ ጉልበት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ድሮም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። የእንቁላል ነጭ የመሰለ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር ነው። እንዲያውም የታመመ ጉልበት ሲያብጥ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ በዝቶ እንጂ አንሶ አይደለም። ቅልጥም መምጠጥም ዘይት አይሞላም። ሆድ ፈጭቶ እንደማንኛውም ምግብ ነው የሚያደርገው። ይጣፍጣል፣ ብሉት፤ ለጉልበት ብላችሁ ግን አትክፈሉበት።

ዋናው ነገር ካርቲሌጁ ነው። በግ ሲበለት የአጥንቱ ጫፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ነጭ፣ ለስላሳ ሽፋን አይታችኋል። እሱ ነው። የእኛ ጥቂት ሚሊሜትር ውፍረት አለው። የሚገርመው ግን የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው ከዚያችው ትንሽ ፈሳሽ ነው። ስትረግጡ ይጨመቃል፣ እግራችሁን ስታነሱ ይለቀቃል። እንደ ስፖንጅ ያስወጣል፣ ያስገባል። ቀኑን ሙሉ በርጩማ ላይ የዋለ ጉልበት ፆሙን የዋለ ጉልበት ነው።

በርግጥ ልክ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ቁጢጥ ብሎ ጤፍ ሲያርም፣ ጎንበስ ብሎ ሲያጭድ የኖረን ገበሬ «ስላልተንቀሳቀስክ ነው» ብለው ይስቅብኛል። እውነትም አለው። ለዓመታት እየተንበረከኩና ቁጢጥ እያሉ ከባድ ሥራ መሥራት ጉልበትን ይጎዳል። ግን ለእሱም ቢሆን መፍትሔው ጨርሶ መቀመጥ አይደለም። ሸክም መቀነስ፣ ደልዳላ መንገድ ላይ መራመድ፣ የጭንን ጡንቻ ማጠንከር ነው። እጅ ሳይደገፉ ከበርጩማ ቀስ ብሎ መነሳትና መቀመጥ። 10 ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። አማርኛ ለብርታትም ለእግር መታጠፊያም «ጉልበት» የሚል አንድ ቃል ነው ያለው። ሥራዬ ላይ ይህን ያህል የጠቀመኝ ቃል የለም። ጭኑ ብርቱ የሆነ ሰው ጉልበቱም ያግዘዋል።

«ጉልበት የሚጨርሰው ዳገት ነው»

ዳገት የሚጨርሰው ትንፋሽ ነው። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ በእግሩ የወረደ ሰው ይመስክር። ስንወርድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ፍሬን ይይዛል፤ የጉልበት ሎሚም ከሥሯ ባለው አጥንት ላይ በኃይል ትጫናለች። በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያስለቅሰው ለዚህ ነው። ቁልቁለት ላይ እርምጃ ማሳጠር ይሻላል።

«የጎጃም ሰው ትከሻው አጥንት የለውም»

ቀልድ ነው። ግን ከቀልዱ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ሰው አምኖበታል፦ እስክስታ የሚችል ሰው አጥንቱ ለስላሳ ነው፣ የማይችለው ደግሞ ደርቋል። እኔ የማልችለው ወገን ነኝ፤ አጥንቴ ግን ደህና ነው።

ትከሻ አንድ መገጣጠሚያ አይደለም። ክንዳችን ከግንዳችን ጋር በአጥንት የሚገናኘው በአንዲት ቦታ ብቻ ነው። ጣታችሁን ጉሮሯችሁ ሥር፣ የደረት አጥንት ጫፍ ላይ አድርጉና ትከሻችሁን ወደ ላይና ወደ ታች አድርጉ። ስትንቀሳቀስ ትሰማችኋለች። ያቺ ናት። ጀርባ ላይ ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት ከጎድን አጥንት ጋር በምንም አልታሰረም። ጡንቻ ይዞት ነው የሚንሸራተተው። 17 ጡንቻዎች ይያያዙበታል። እስክስታ የሚመታ ሰው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የሚያንቀጠቅጠው በአብዛኛው ይህን ተንሸራታች አጥንት ነው። ስለዚህ ልዩነቱ አጥንት ሳይሆን ልምምድ ነው። በልጅነቱ ከሠርግ ሠርግ ሲዞር ያደገ ልጅ አእምሮው እነዚያን ጡንቻዎች ለየብቻ ማዘዝ ተምሯል።

የክንዱ ኳስ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ደግሞ በጣም ገባ ያለ አይደለም። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ እንደማስቀመጥ ቁጠሩት። እጃችንን በየአቅጣጫው የምናዞረው ለዚህ ነው። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ ቶሎ ቶሎ የሚወልቀውም ለዚሁ ነው።

«ጣት ማንቋቋት ቁርጥማት ያመጣል»

አያመጣም። ድምፁ የአጥንት ግጭት አይደለም። መገጣጠሚያው ድንገት ሲለጠጥ ፈሳሹ ውስጥ የጋዝ ክፍተት ይፈጠራል። በ2015 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ ተመራማሪዎች ይህንን በኤምአርአይ እየቀረጹ አይተውታል። ያንኑ ጣት ወዲያው ለመድገም ብትሞክሩ እሺ የማይለውም ለዚህ ነው፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል። ዶናልድ ኡንገር የሚባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ የግራ እጃቸውን ጣቶች ብቻ ሲያንቋቁ ኖረው በመጨረሻ ሁለቱን እጆች አወዳደሩ። ልዩነት አላገኙም። የአንድ ሰው ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ትዕግሥቱ ግን ይደነቃል። ሲንቋቋ የሚያምና የሚያብጥ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው፤ መታየት አለበት።

«ማንቀሳቀስ ከቻልክ አልተሰበረም»

ይኼኛው አደገኛ ነው። የተሰነጠቀ አጥንት ይንቀሳቀሳል። የተሰበረ ቁርጭምጭሚት ይዘው ብዙ መንገድ የሄዱ ሰዎች አጋጥመውኛል። ወለምታ፣ ውልቃትና ስብራት በእጅ ዳሰሳ ብቻ ሁልጊዜ አይለዩም። አጥንቱ ላይ ተጭነው ሲነኩት የሚያም ከሆነ፣ ወይም አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ፣ ራጅ ያስፈልጋል። ገና ትኩስ የሆነን ጉዳት ማሸትም እብጠቱን ያባብሰዋል።

ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም። እጃቸው የተባረከ አሉ። የምፈራው በቀርከሃ ጥብቅ አድርጎ ማሰርን ነው። የተጎዳ እጅ ገና ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይሰፋም። ደም ይቆማል። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ፣ ነገ አይባልም። ማሰሪያውን ፈትቶ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሮጥ ነው። ልጆች በዚህ ምክንያት እጃቸውን አጥተዋል።

«ብርድ ነው፤ ሪህ ነው»

ብርድ የታመመን መገጣጠሚያ ሊያሳምመው ይችላል። አይፈጥረውም። ቁርጥማት የብርዳማው የጮቄ ተራራ ሰው በሽታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቆላ የወረደ ሁሉ ይድን ነበር። ሪህ የምንለውም አንድ በሽታ አይደለም። የእግር አውራ ጣት ሌሊት ድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ እንኳ ሲነካው የሚያስጮህ ከሆነ፣ ደም ውስጥ ያለ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር መገጣጠሚያው ውስጥ ክሪስታል ሠርቶ ሊሆን ይችላል። እሱ የራሱ መድኃኒት አለው።

የእኔ ጭንቀት ግን ልጆቹ ናቸው። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ከታመመ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ጉልበቱ ያብጣል። ከዚያ ጉልበቱ ይተወውና ቁርጭምጭሚቱ፣ ቀጥሎ ክርኑ። «ሲያድግ ነው» ይባላል፤ ወይም «ብርድ መታው»። ደግሞም ያለ ሕክምና ይሻለዋል፣ ወላጅም ይረሳዋል። ይህ ግን የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላል። መገጣጠሚያውን አያበላሸውም፤ የሚያበላሸው የልብን በር ነው። በጊዜ ከታወቀ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚሰጥ የፔኒሲሊን መርፌ እንዳይደገም ይከላከላል፣ ለዓመታት ቢሆንም። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከልም። ሕመሙ ከመገጣጠሚያ ወደ መገጣጠሚያ የሚዞር ልጅ ቤታችሁ ካለ፣ ልቡ ይታይለት።

«ምርኩዝ በታመመው ጎን ነው የሚያዝ»

ወደ አጎቴ ልመለስ። የሚያማቸው ቀኝ ጉልበታቸው ነው። ከዘራቸውንም በቀኝ እጃቸው ነው የሚይዙት። «ጋሼ፣ በግራ ይያዙት» አልኳቸው። «ግራው ደህና ነው እኮ አንተ ልጅ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዘራው በቀኝ ሲሆን ሰውነት ወደ ቀኝ፣ ወደታመመው እግር ያጋድላል። በግራ ሲሆን ቀኝ እግርና ከዘራው አብረው መሬት ይነካሉ፤ ክብደቱን ይካፈሉታል። ዳሌ ለታመመው ሰው ደግሞ ልዩነቱ ይብሳል። በአንድ እግር ስንቆም ወደ ሌላው ጎን እንዳንወድቅ የዳሌ ጡንቻ አጥብቆ ይጎትታል። በዚህ የተነሳ ዳሌው የሚሸከመው ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በተቃራኒው እጅ ያለ ከዘራ ያንን ጉተታ ያቀልለታል።

አጎቴ ከዳሱ እስከ አጥሩ ደርሰው ተመለሱ። ምንም አላሉኝም። ከዘራው ግን ግራ እጃቸው ላይ ነበር። ሙሽሮቹ መጡ ተብሎ እልልታው ሲቀልጥ፣ ሰው አያየኝም ብለው ወደ ቀኝ መለሱት።