«በእጇ ነው ያደግኩት» ማለት ወራሽ አያደርግም

ሃያ ዓመት በጥብቅና ስሠራ ይህን ሳልሰማ ያለፈ ወር የለም፦ «በእጇ ነው ያደግኩት፣ እንዴት ወራሽ አይደለሽም እባላለሁ?» ያስመረሩኝ ጠያቂዎቹ ሳይሆኑ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው «ይገባሻል፣ ክሰሺ» የሚሉት መካሪዎች ናቸው።

አይገባትም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ወራሽ የሚለው በኑዛዜ የተጠራን ሰው ነው፤ ኑዛዜ ከሌለ መጀመሪያ ልጆችን፣ ቀጥሎ እናትና አባትን፣ ከዚያ ወንድምና እህትን እያለ ይወርዳል። የጉዲፈቻ ልጅ እንደ ልጅ ይቆጠራል፤ ግን ጉዲፈቻው በፍርድ ቤት ሲጸድቅ ነው።

አንዲት ልጅ የክርስትና እናቷ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ አሳድገዋታል። በፌስታል የትምህርት ቤት ደረሰኞች ይዛልኝ መጣች፤ ሁሉም በእሳቸው ስም፣ የአፀደ ሕፃናቱ ቀለሙ የለቀቀ። ወራሽ ነኝ ብላ ከሳ ተሸንፋ ነበር። ቤቱም ተሸጦ የሟች ወንድሞች ተካፍለውታል።

መጠየቅ የነበረባት ቀለብ ነው! ሟች ሲሞት አብሮት ይኖር የነበረ ወይም በእሱ ይረዳ የነበረ ሰው፣ ዘመድ ባይሆንም፣ መቸገሩን አስረድቶ ከውርሱ ሀብት ቀለብ እንዲቆረጥለት ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ተራው የታወቀ ነው፦ የቀብር ወጪ፣ የማጣሪያ ወጪ፣ የሟች ዕዳ፣ ከዚያ ቀለብ፤ በኑዛዜ የተሰጡ ስጦታዎች ከእሱ በኋላ ይመጣሉ። ስለዚህ ንብረቱ ሳይከፋፈል ለውርስ አጣሪው፣ ማለትም የሟችን ንብረትና ዕዳ ለሚያጣራው ሰው፣ አመልክቱ፤ የኪራይ ውል፣ የሕክምና ካርድ፣ የባንክ ደረሰኝ፣ ምንም አትጣሉ።

ለቅሶ ቤት የሚሰሙ ሌሎች ስህተቶችም አሉ። «አባቴን እኔ ስጦረው ስለኖርኩ ድርሻዬ ይበልጣል።» ኑዛዜ ከሌለ የልጆች ድርሻ እኩል ነው።

«ከጋብቻ ውጭ የተወለደ አይወርስም።» ይወርሳል።

«ሚስት ባሏን ትወርሳለች።» ያለ ኑዛዜ አትወርስም፤ የጋራ ንብረቱ ግማሽ ግን ድሮም የራሷ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት የኖሩ ሰዎችም በዚያ ጊዜ ያፈሩት የጋራ ነው።

«ጡረታውን እንካፈላለን።» ጡረታ የውርስ ሀብት አይደለም፣ የተተኪዎች፣ ማለትም ሕጉ ከሟች በኋላ ጡረታ ይቀበላሉ የሚላቸው የቅርብ ቤተሰቦች፣ ነው። ጤነኛ ልጅ 18 ዓመት ከሞላው የለበትም። ወላጅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው በሟቹ ይረዳ እንደነበር ማስረዳት አለበት። አንዲት እናት ልጃቸው በየወሩ ብር የሚልክላቸው በሚኒባስ ሹፌር እጅ ነበር፤ አንድም ወረቀት የላቸውም። ሹፌሩን መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ፈልጌ አስመሰከርኩላቸው።