ስምንት ምጣድ ያለ እንጀራ፦ ስለ ሰፈራችን የጋዝ መብራት የሚወሩ ስህተቶች

እናቴ ሜሪላንድ ልትጠይቀኝ የመጣች ቀን በጠራራ ፀሐይ ከመኪና ወረደች። በራችን ላይ ያለውን መብራት አየችና «ማነው ሳያጠፋው የሄደው?» አለች። ማንም አልረሳውም፣ ጋዝ ነው፣ ሁሌም ይነዳል አልኳት። እኔ ያልኩት በቧንቧ የሚመጣውን ነው፤ እሷ ግን ጋዝ ስላት የመጣላት ላምባ ነው። «ታዲያ ማነው የሚሞላው?»

ይቺ ጥያቄ በሰፈራችን የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ በእኛ አፍ ኤችኦኤ፣ ስብሰባ ላይ ተነስታ አታውቅም። «40ውን የጋዝ መብራት በሶላር እንቀይር» ማለት ከጀመርኩ ሦስት ዓመቴ ነው። የሚሰጠኝ መልስ ግን ያው ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ትዕግሥቴ ካጠረ ይቅርታ።

«ጋዙ ርካሽ ነው፤ ትንሽዬ ነበልባል ናት»

ደሜን የምታፈላው ይቺ ናት። አብዛኞቹ የጋዝ መብራቶች ማብሪያ ማጥፊያ የላቸውም። ቢመሽም ቢነጋም ይነዳሉ። ውስጡ ግለው የሚያበሩ ሁለት ነጭ የጨርቅ ከረጢቶች ያሉት መብራት በሰዓት 2,500 ቢቲዩ (የሙቀት መለኪያ ነው) ገደማ ይበላል። በ24 ሰዓት 60,000 ማለት ነው። ጋዝ የሚሸጠው በቴርም ነው፤ አንድ ቴርም 100,000 ቢቲዩ ነው። ስለዚህ አንዷ መብራት በዓመት 219 ቴርም ታቃጥላለች። ቴርሙን ከነማድረሻው 1.50 ዶላር ብለን እንያዘው። 328 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም መጣ። በ40 ሲባዛ 13,140 ዶላር። ግማሹ የሚነደው ፀሐይ ወጥታ ነው።

ገንዘቡ ለምን አይታየንም? የጋዙ ቢል የሚሄደው ለማኅበሩ ነው። እኛ የምናየው ወርሃዊ ክፍያው ሲጨምር ብቻ ነው።

«ትንሽዬ» ለሚሉኝ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለኝ። 2,500 ቢቲዩ ወደ 730 ዋት ነው። አሥር ዋት ኤልኢዲ ለሚሰጠው ብርሃን! የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። አምስት የበር መብራት አንድ ምጣድ ሆነ ማለት ነው። እኛ ሰፈር ስምንት ምጣድ ያለ እንጀራ ሌት ተቀን ተጥዶ ይውላል፣ ያድራል።

ቦርዱ ፊት ስትቀርቡ ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር አታውሩ። ዓይናቸው ሲፈዝ አይቻለሁ። የ12 ወር የጋዝ ቢል ጠይቁ፤ ሜሪላንድ ውስጥ የማኅበሩን መዝገብ ማየት የአባል መብት ነው። የአንዷን መብራት ወጪ ግማሽ ገጽ ላይ ጻፉና አድሉ። መብራቶቹንም ራሳችሁ ዞራችሁ ቁጠሩ። የእኛ ቦርድ 36 ናቸው ብሎ ነበር የሚያምነው።

«ታሪካዊ ነው፤ ውበቱ ይጠፋል»

ታሪክ የፈለገ ባልቲሞር ይሂድ። አሜሪካ ውስጥ መንገድ በጋዝ መብራት የበራው መጀመሪያ እዚያ ነው፣ በ1817። የእኛዎቹ የተተከሉት በ1960ዎቹ ነው። እንዲያውም ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ በ1978፣ ኮንግረስ ለጌጥ ተብሎ ውጭ የሚነደውን ጋዝ የሚገድብ ሕግ እስከ ማውጣት ደርሶ ነበር። ደግሞ ምሰሶውን ማን ይነቅላል አለ? የሚቀየረው ጭንቅላቱ ነው። 2,700 ኬልቪን የሚል አምፖል እዘዙ፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ ቢጫ ነው።

«ሶላር ማለት ያ አትክልት ውስጥ የሚሰካው አይደል?» አይደለም። ያኛው የሚሠራው በአንዲት የጣት ባትሪ ነው።

«በዊንተር አይሠራም»

እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለ፤ ስህተቱም የኔ ነበር። ፓነል ብርድ አይጠላም፣ እንዲያውም ሲቀዘቅዝ ይሻለዋል። ጠላቱ ጥላ ነው። የመጀመሪያውን የሙከራ መብራት ያስተከልኩት በጁን ነው፣ ከአንድ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት በስተሰሜን። በጋውን ሙሉ አበራ። ኖቬምበር ላይ ማታ አራት ሰዓት ሲሆን ድርግም ይል ጀመር። ዲሴምበር ላይ እዚህ አገር ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ እንኳ ዝቅ ብላ ነው የምትሄደው፤ 10 ሜትር ቤት 19 ሜትር ያህል ጥላ ይጥላል። ከቦርዱ አንዱ የጨለመውን መብራት ፎቶ አንስቶ ለሁሉም ላከው። ምን እላለሁ? ነቅለን ወደ ደቡብ በኩል አዞርነው፤ ከዚያ ወዲህ ሁለት ዊንተር አልፏል፣ አንድም ሌሊት አልጠፋም።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዲሴምበር ላይ ቀትር ላይ ወጥታችሁ እያንዳንዱ ምሰሶ ፀሐይ እንደሚያገኝ እዩ። የማያገኘውን በሽቦ ኤልኢዲ አድርጉት፤ ሁሉም ሶላር ይሁን ያለ የለም። ሻጩን ስለ ባትሪው ጠይቁት፤ ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። «ችግር የለውም» ብቻ ካላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።

«ሕጉ ቦርዱን ያስገድደዋል» የሚሉም አሉ። የሜሪላንድ ሕግ የሚከላከልላችሁ በራሳችሁ ጣራና ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሶላር ነው። የጋራው ግቢ በድምፅ ነው። ሶላር ለሚያስተክሉ የቤት ባለቤቶች ይሰጥ የነበረው የ30 ፐርሰንት የፌደራል ታክስ ክሬዲትም ከ2025 ጋር አብሮ አልቋል፣ አትጠብቁት። «ቫልቩን ዘግቶ መተው ነው» የሚል ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ አስቁሙት። መስመሩን ቆርጦ የሚደፍነው ፈቃድ ያለው ሰው ነው።

«የኔ አንድ ድምፅ ምን ያመጣል?»

ይሄ የኛ የአበሾቹ ነው። ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ስለ ክፍያው እናማርራለን፣ ስብሰባ አንሄድም፣ የውክልና ወረቀቱም ሳይፈረም ከማስታወቂያ ጋር ይጣላል። ከ112 ቤት ባለፈው ስብሰባ የተገኘነው 19 ነን። አበሻ ሁለት ነበርን። እሁድ ከሰዓት በሰፈሩ ስዞር ግን የቡና ሽታ የሚወጣበት ቤት ከ20 አያንስም።