«ዘይቱ ተቀየረና ካምቢዮዬ ሞተ»፦ የኦቶማቲክ ካምቢዮ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ደንበኞች ይህንኑ ነገሩኝ። «የቆየ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ዘይቱ አይነካም። ከተቀየረ ይሞታል።» ሁለቱ ከጓደኛ ነው የሰሙት። ለሦስተኛው ግን የነገረው መካኒክ ነው። እኔን የሚያበሳጨኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

ሥራዬ ኦቶማቲክ ካምቢዮ ነው። ስፈታቸው የማያቸው አብዛኞቹ የሞቱት ዘይታቸው ስለተቀየረ አይደለም፣ ስላልተቀየረ ነው። ነገሩ ደግሞ አሁን የባሰ ያሳስበኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን በጣም ውድ አደረገው። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከለከለ። እጃችን ላይ ያለው ኮሮላና ቪትዝ ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግለን ነው። በወሬ ልንገድለው አይገባም።

እስቲ ውስጡን እንየው። ኦቶማቲክ ካምቢዮ እንደ ማንዋሉ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። በእሱ ፈንታ ቀጫጭን ሳህኖች ተደርድረውበታል። አንዱ ልሙጥ ብረት ነው፤ ቀጣዩ ፊቱ ላይ ወረቀት የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል። ማርሽ ሲገባ ፓምፑ ዘይቱን ይገፋል፤ ዘይቱም ሳህኖቹን አንድ ላይ ይጨምቃቸዋል። መኪናው የሚሄደው በዚህ ነው። ስለዚህ እዚህ ቤት ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ጉልበትም፣ ማቀዝቀዣም እሱ ነው።

ዘይት በሙቀት ያረጃል። የሳህኖቹ ፊት ሲላላጥ ደቃቁ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ቆሻሻው ግፊት የሚያከፋፍሉትን ትንንሽ ቫልቮች ያጣብቃል። ግፊት ሲቀንስ ሳህኑ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ይግላል፣ ሲግል ደግሞ የባሰ ይላላጣል። ባለቤቱ ግን ምንም አይሰማውም። የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ደንግጦ ይመጣና «ዘይት ቀይሩልኝ» ይላል። ይቀየርለታል። በሁለት ሳምንቱ መኪናው ቀጥ ይላል። ጥፋቱም በአዲሱ ዘይት ላይ ይላከካል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጋሼ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲቀይር ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው ግን አይሄድም። «ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?» አልኳቸው። «ከፋሲካ ወዲህ ነው ልጄ። ዘይቱን አታስነካ ብለውኝ ዝም አልኩ» አሉኝ። የዘይት መለኪያ ዘንጉን መዝዤ ዘይቱን ነጭ ወረቀት ላይ አንጠባጠብኩት። ጥቁር ነው፤ የተቃጠለ ሽታ አለው። ኮፓውን (ከካምቢዮው ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ሳወርደው ታች ያሉት ማግኔቶች በብረት ጭቃ ተሸፍነዋል። ጭቃው ውስጥ የሻይ ቅጠል የመሰሉ ጥቋቁር ቅንጥብጣቢዎች ነበሩ። እነዚያ የሳህኖቹ ፊት ናቸው። በጣቴ አንስቼ አሳየኋቸው። ቀድመው ቢመጡ ዘይትና ፊልትሮ ብቻ ይበቃቸው ነበር። አሁን ካምቢዮው ወርዶ መፈታት ነበረበት። ለአንድ ጡረተኛ ይሄ ቀላል ወጪ አይደለም። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።

ወሬው ውስጥ አንድ ጠብታ እውነት አለች፤ እሷንም አልደብቅም። ለረጅም ዓመት ያልተነካ ካምቢዮ በማሽን ግፊት ከታጠበ፣ የተቀመጠው ቆሻሻ ተነቅሎ ጠባቦቹ መንገዶች ላይ ሊሰነቀር ይችላል። መፍትሔው ዘይቱን መተው ሳይሆን ቀስ ብሎ መቀየር ነው። ከታች ሲከፈት የሚወጣው ዘይት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ አይበልጥም። ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ ከ3 እስከ 4 ሊትር ቢሆን ነው። የቀረው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ የወጣውን ያህል ሙሉ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ንዱ፣ ከዚያ ድገሙት። ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ ግን መጀመሪያ ኮፓው ወርዶ ይታይ። መካኒኩም ከመቀየሩ በፊት ያየውን በግልጽ ይንገራችሁ። እኔ ወረቀቱን ሳላሳይ ዘይት ቀይሬ አላውቅም።

ሌሎቹንም ወሬዎች አንድ በአንድ እንያቸው። «መለኪያ ዘንግ ከሌለው ዘይቱ የዕድሜ ልክ ነው።» አይደለም። መለኪያው የቀረበት አንዱ ምክንያት ባለቤቱ በስህተት ሌላ ዘይት እንዳይጨምርበት ነው። ልኩ ብዙውን ጊዜ የሚታየው መኪናው ተነሥቶ፣ የዘይቱ ሙቀት ተለክቶ፣ ከታች ባለው ቡሎን በኩል ነው።

«ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው።» ቀዩ ማቅለሚያ ነው። ቶዮታ ራሱ ቲ-ፎር የሚባለውን የሚጠይቅ ካምቢዮም፣ ደብሊውኤስ የሚጠይቅም አለው። በፈረንጆቹ ከ2005 ወዲህ ከተሠሩት ቪትዞች ብዙዎቹ ደግሞ ሲቪቲ ናቸው። ሲቪቲ የብረት ቀበቶ በሁለት ፑሊዎች መሃል የሚሽከረከርበት ካምቢዮ ነው። የሚፈልገው የራሱን ዘይት ብቻ ነው። ተራ የካምቢዮ ዘይት ከተሞላ ቀበቶው እየተንሸራተተ ፑሊውን ይፍቀዋል። የተፋቀ ፑሊ ደግሞ አይጠገንም። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት የመኪናውን መጽሐፍ እዩ።

«ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ምንም አይል።» ይሄን ከካምቢዮ ጋር የሚያገናኘው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ መኪኖች ላይ የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ ባለች ትንሽ ቱቦ ነው። ለዓመታት ተራ ውሃ ሲገባበት ቱቦዋ ትበሰብሳለች፤ ውሃውና ዘይቱ ይቀላቀላሉ። መለኪያውን ስትመዙ እንጆሪ እርጎ የመሰለ ነገር ካያችሁ መኪናውን እንዳታስነሱት። ውሃ የሳህኖቹን ፊት የያዘውን ማጣበቂያ ያላቅቀዋል። ራዲያተሩን ብቻ ቀይሮ መንዳት አያድንም። የዚህ ሁሉ መከላከያ ቀላል ነው፤ በየጊዜው የሚቀየር ኩላንት።

«ቁልቁለት ላይ ኤን (ባዶ ማርሽ) ካደረግኩ ነዳጅ እቆጥባለሁ።» ኢንጀክሽን ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ነዳጁን ራሱ ይቆርጠዋል። ኤን ስታደርጉት ግን እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ግድ ይሆንበታል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የምትወርዱ ሰዎች ደግሞ በጣም እለምናችኋለሁ። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ኤን ካደረጋችሁ የሚይዛችሁ ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ሲግል አይዝም። ወደ 2 ወይም ወደ ኤል (ዝቅተኛ ማርሽ) አውርዱትና ሞተሩ ይያዛችሁ።

«ኤን ላይ አድርገን በገመድ ብንጎትተውስ?» ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ዘይቱ አይዘዋወርም፤ ጎማው ግን የካምቢዮውን ውስጥ ያዞረዋል። አንድ ልጅ ቪትዙ መንገድ ላይ ቆሞበት በአይሱዙ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ አስጎተተው። የቆመው በነዳጅ ፓምፕ ብልሽት ነበር። እኔ ጋ ሲደርስ ካምቢዮውም አልቋል። የፊት ጎማ የሚነዳው መኪና ፊቱ ይነሣ፤ በአራቱም የሚነዳው ሙሉ በሙሉ ይጫን። ኦቶማቲክን ገፍቶ ማስነሳትም የማይሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

«ፒ ካደረግኩ የእጅ ፍሬን አያስፈልግም።» ፒ ላይ መኪናውን የምትይዘው ጣት የምታህል ብረት ናት። ዳገት ላይ ክብደቱን ሁሉ እሷ ላይ አትጫኑ። የእግር ፍሬኑን እንደረገጣችሁ ኤን፣ ከዚያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ እግር ማንሳት፣ መጨረሻ ላይ ፒ።

«ዘይት መለካት የትም አንድ ነው።» ብዙ ቶዮታ የሚለካው ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ ነው። ሆንዳ ሞቆ፣ ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ነው።

«ኦቶማቲክ ከተበላሸ አይሠራም፣ ያገለገለ ገዝተህ ቀይር።» ይሠራል። እንዲያውም አንዳንዴ ካምቢዮው ጤነኛ ነው። መጀመሪያ በኮምፒውተር ይታይ። የአንዲት ሶሌኖይድ (ዘይቱን በኤሌክትሪክ የምትቆጣጠር ቫልቭ) ወይም የአንድ ሴንሰር ብልሽት ካምቢዮ የሞተ ያስመስላል። ያገለገለ መግዛት ግድ ከሆነባችሁ፣ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ከላይ ታጥቦ አብረቅርቋል ብላችሁ አትክፈሉ። ኮፓውን አስከፍቱ። ማግኔቱ ላይ ስስ ግራጫ ዱቄት ቢኖር ችግር የለውም፣ የሥራ ነው። ስንጣሪ ብረት ወይም ያ የሻይ ቅጠል የመሰለው ነገር ካለ ግን ለሻጩ መልሱለት። አላስከፍትም ካለም መልሱለት።