ዳዊት መድገም በጎጃም፦ ለመከራ ቀን የተተወ ቃል

ጎጃም ውስጥ ዳዊት ይደገማል እንጂ ይነበባል ብዙም አይባልም። መዝሙሩ ትናንት ተብሏል፣ ነገም ይባላል። ገበሬው ጎህ ሳይቀድ ይደግማል። መነኩሲቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጥግ ተቀምጠው ይደግማሉ። ሽማግሌውም ከትራሳቸው ሥር አውጥተው ይደግማሉ። መጽሐፉ ድሮ ብራና ነበር፤ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ገብቶ በትከሻ ይንጠለጠላል። ዛሬ በብዙው ሰው እጅ ያለው የታተመው ነው፤ ስልኩ ላይ የጫነም አይጠፋም።

ትምህርቱ የሚጀመረው ከየኔታ ዘንድ ነው። ልጁ ፊደል ይቆጥራል፤ ከዚያ አቡጊዳ፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌል፣ በመጨረሻም ዳዊት። «ልጄ ዳዊት ደገመ» ማለት ንባብ ጨረሰ ማለት ነው፤ ቤተሰብም አቅሙ እንደፈቀደ ይደግሳል። ከዚህ አልፎ መማር የፈለገ ወደ ዜማና ቅኔ ይሻገራል። ለቅኔ ደግሞ ጎጃምን የሚያህል የለም፤ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ ስማቸው በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ከእናቱ ርቆ፣ ደበሎ ለብሶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ የዳዊትን እሮሮ የሚያውቀው በሆዱም ጭምር ነው።

መዝሙሮቹ 150 ናቸው፤ በእኛ በኦርቶዶክሶች መጽሐፍ 151ኛም አለ። አሥር አሥሩ መዝሙር አንድ «ንጉሥ» ይባላል፤ በጠቅላላው 15 ንጉሥ ይሆናል። ለሳምንቱም ቀናት ተከፋፍሏል። ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ እስከ 60፣ ረቡዕ እስከ 80፣ ሐሙስ እስከ 110፣ ዓርብ እስከ 130፣ ቅዳሜ እስከ 150 ይደረሳል። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ነው። (ቁጥሩ ከሌሎች መጽሐፍ ቅዱሶች በአንድ ሊለይ ይችላል፤ የእኛው 22 በእነሱ 23 ነው።)

ይህ ክፍፍል ቀላል ነገር አይደለም። ደጋሚው የከፋው ቀን የኀዘን መዝሙር፣ ደስ ያለው ቀን የምስጋና መዝሙር አይመርጥም። የዕለቱን ይደግማል። ስለዚህ ሰርግ ቤት ያደረ ሰው ሰኞ ጠዋት «እስከ ማእዜኑ እግዚኦ ትረስዐኒ» ይላል፤ አቤቱ እስከ መቼ ትረሳኛለህ ማለት ነው። ልጁን የቀበረ ሰውም በዚያው ሰኞ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ይላል፤ እግዚአብሔር ይጠብቀኛል።

የእኛ ሰው ማማረር አይወድም። ቤቱ ተቃጥሎ እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲሉት «ተመስገን» ይላል። ትልቅ እምነት ነው፤ ግን አንዳንዴ እንባን ያንቃል። ዳዊት ያንን የታነቀ ጉሮሮ ይከፍታል። በ72ኛው መዝሙር ዘማሪው እግሩ ሊድጥ ጥቂት እንደቀረው ይናገራል፤ ክፉዎች ሲደላቸው አይቶ ቀንቷል። ልቡን በከንቱ ያነጻ መስሎታል። በ21ኛው «አምላኬ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ?» ይላል። ይህን ቃል ጌታችን ራሱ በመስቀል ላይ ብሎታል። ጥርጣሬ የገባው ሰው ከሃዲ ነኝ ብሎ እንዳይሸሽ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። ዘማሪው እግዚአብሔርን የሚወቅሰው ፊት ለፊት ነው፣ «አንተ» እያለ። ጀርባውን አልሰጠም።

ከሁሉ የጨለመው የሐሙሱ 87ኛ ነው። አብዛኞቹ የእሮሮ መዝሙሮች መጨረሻቸው ላይ ተስፋ ያበራሉ። ይሄኛው ወዳጅና ዘመድ ርቆ፣ ሰውየው በመከራ ውስጥ እንዳለ ያበቃል። ማንም ሊያሳምረው አልሞከረም። ነገር ግን 87ኛው ያለበት ዘጠነኛው ንጉሥ ገና አላለቀም፤ ሦስት መዝሙር አልፎ የሚዘጋው በ90ኛው ነው፤ «ዘየኃድር በረድኤተ ልዑል»፣ በልዑል መጠጊያ የሚኖር። ደጋሚው ከ87ኛው ላይ ተነሥቶ አይሄድም። ንጉሡን ይጨርሳል።

ሰው ሲሞትም ዳዊት ይደገማል። ሐዘንተኛው አፍ አውጥቶ መጸለይ ሲያቅተው ካህናቱና ደብተራዎቹ ይጸልዩለታል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጎጃም ጦርነት አለ፤ ብዙ ቤት ለቅሶ ገብቶበታል፣ ብዙ ትምህርት ቤትም ተዘግቷል። በዚህ ጊዜ «ጌታዬ፣ የት ነህ?» ያለች እናት ከዳዊት የተለየ ነገር አልተናገረችም።

የእሑዱ የዕንባቆም ጸሎት ደግሞ ለገበሬ የተጻፈ ይመስላል። በለስ ባታፈራ፣ እርሻው መብል ባይሰጥ፣ በበረት ከብት ባይገኝም በእግዚአብሔር ደስ ይለኛል ይላል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ በክፉ ቀን፣ የከብት በሽታ የአገሩን በሬ ፈጅቶ ረሃብ ሲገባ፣ ባዶው በረት በየደጁ ነበር። ያኔ ይህን ጸሎት የደገመ ሰው ስለ ሌላ አገር አልነበረም የሚናገረው።

ሰኞ ሲነጋ ዳዊቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይገለጣል። «ብፁዕ ብእሲ» ተብሎ ይጀመራል።