ስጦታ ላይ ሪቫን ማሰር

ስጦታ ጠቅልሎ ሪቫን ማሰር ዛሬ ለማሳመር ብቻ የሚደረግ ይመስላል እንጂ መጀመሪያ የሪቫኑ ስራ ጥቅሉን መያዝ ነበር። ሁላችንም ቤት ያለው ግልፅ ስኮች አሜሪካ ውስጥ በሪቻርድ ድሩ የተሰራው በ1930 ነው (እዚህ ያሉት አመተ ምህረቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ ከዛ በፊት ወረቀቱ እንዳይፈታ የሚደረገው በክር፣ በሪቫን ወይም በሰም ነው። ባለጌጡ ወረቀትም ቢሆን በ1917 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ የነጆይስ ሆል ሱቅ፣ በኋላ የካርድ ኩባንያው ሆልማርክ የሆነው ማለት ነው፣ ለገና የሚሸጠው ስስ ወረቀት ሲያልቅበት ለፖስታ የውስጥ ሽፋን የመጣ የፈረንሳይ ወረቀት አውጥቶ አንዱን በ10 ሳንቲም ሲሸጥ ነው ገበያው የተገኘው።

ሪቫን ከዛ በጣም ይቀድማል። የሐር ሪቫን በብዛት ይሸመን የነበረው ፈረንሳይ ሴንት ኤቲየን እና እንግሊዝ ኮቨንትሪ ሲሆን ያኔ አብዛኛው ለኮፍያና ለቀሚስ ነበር፣ በ1860 ሁለቱ መንግስታት የንግድ ውል ተፈራርመው የፈረንሳዩ ሪቫን ያለ ቀረጥ እንግሊዝ ሲገባ የኮቨንትሪ ሸማኔ ስራ አጣ፣ ብዙ ሰው ከተማውን ጥሎ ተሰደደ። አሁን የምንገዛው በአብዛኛው ፖሊስተር ነው፤ ሳቲኑ ያብረቀርቃል ግን ይንሸራተታል፣ ኦርጋንዛ የሚባለው ስስ ጨርቅ ውስጡን ያሳያል፣ ጠርዙ ላይ ስስ ሽቦ ያለው ደሞ እንዳቆሙት ስለሚቆም ለጀማሪ እሱ ይሻላል።

እኛ ጋር ሪቫን የሚበዛው ልደት፣ ምርቃትና ሰርግ ላይ ነው፣ የጥሎሽ ሻንጣና የሙሽራ መኪናም ሳይቀር ይታሰርበታል። ስጦታ ደሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰጪው ፊት አይከፈትም፣ ተቀባዩ አመስግኖ ያስቀምጠዋል፣ ስለዚህ ሰጪውም እዛ ያለው ሰውም የሚያየው ውጪውን ብቻ ነው፣ ለዛም ነው አስተሳሰሩ ላይ መጨነቅ ከንቱ ነገር ነው ሲባል የማልቀበለው። ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ተለጣፊ የሪቫን አበባ ጊዜ ይቆጥባል ግን በእጅ የታሰረውን አያክልም።

አስተሳሰሩ እንዲህ ነው። የሪቫኑን መሀል ካርቶኑ ላይ አድርጎ ሁለቱን ጫፍ ወደ ታች ማዞር፣ ስር ላይ አጠላልፎ በሌላኛው አቅጣጫ ወደ ላይ መመለስና መሀል ላይ ካለው ሪቫን ስር አሳልፎ መቋጠር። ስንት ይበቃል ለሚል፣ ርዝመቱን ሁለቴ፣ ወርዱን ሁለቴ፣ ቁመቱን አራቴ ደምሮ ለአበባው 60 ሴንቲ መጨመር ነው፣ 30 በ20 በ10 የሆነ ካርቶን 2 ሜትር ይፈጃል ማለት ነው። አበባው ሁሌ ጠሞ የሚቀመጥባችሁ ከሆነ ችግሩ ከእጃችሁ ሳይሆን ከአቅጣጫው ነው፦ መጀመሪያ ቀኙን በግራው ላይ አድርጋችሁ ከቋጠራችሁ ቀለበቶቹን ስትቋጥሩ ግራውን በቀኙ ላይ አድርጉ፣ ወዲያው ቀጥ ብሎ ይተኛል። ሁለቴ በአንድ አቅጣጫ ከሄደ ግን ይዞራል፣ ቶሎም ይፈታል።

ቋጠሮው ራሱ ትርጉም ያለው ጃፓን ነው፣ ሚዙሂኪ የሚሉት ከወረቀት የተገመደ ገመድ አላቸው፣ ለልጅ መወለድና መሰል ደጋግሞ ቢመጣ ለሚወደድ ደስታ ተፈቶ በሚታሰር ቋጠሮ ያስሩታል፣ ለሰርግ ግን አንዴ ብቻ እንዲሆን ስለሚመኙ በማይፈታው ነው የሚታሰረው።

ጫፉን ለመቁረጥ ሪቫኑን በቁመቱ እጥፍ አድርጎ ከክፍቱ ጎን ወደ እጥፋቱ ወደ ውስጥ አጋድሎ መቁረጥ ነው፣ ሲዘረጋ እንደ ወፍ ጭራ ይሆናል፣ ፖሊስተሩን ክብሪት ጠጋ ቢያደርጉለት አይተረተርም። የፕላስቲኩን ሪቫን በመቀስ ስለት ጎትቶ መጠቅለል ደሞ ብዙ ሰው በፍጥነት ያደርገዋል፣ በ2016 የወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት ግን በዝግታ የተጎተተው ይበልጥ ጠበቅ ብሎ እንደሚጠቀለልና ከልክ በላይ ወጥሮ መሳብም እንደሚያላላው አሳይቷል፣ ምክንያቱም ከስለቱ ተቃራኒ ያለው ገፅ ተለጥጦ ለመቅረት ጊዜ ይፈልጋል።