ስለ ደሴ ነባር ሰፈሮች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደሴን የሠራት ጣሊያን ነው» የሚለው ወሬ ፒያሳን ከማየት የመጣ ነው። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ሲሆን የወጣው ሚያዝያ 1933 ነው። በእነዚያ 5 ዓመታት መንገድና ሕንፃ ሠርቷል፤ ከተማዋን ግን አልቆረቆረም። የወሎው ገዥ፣ በኋላ ንጉሥ የተባሉት ሚካኤል፣ ገና ራስ ሳሉ ከቀድሞ መቀመጫቸው ከተንታ መጥተው ደሴን መቀመጫቸው ካደረጓት ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉባት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ጦር ለመምራት ባዶ ሜዳ ላይ አይቀመጡም።

«አይጠየፍ» የሚባለው የደሴ ነባር ሕንፃም ለብዙዎች የንጉሥ ሚካኤል መኖሪያ ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን ግብር ይበላበት የነበረ አዳራሽ ነው።

ከሁሉ የሚጎዳው ግን «ቤቱ የተሰነጠቀው ጭቃ ስለሆነ ነው፣ መፍረስ አለበት» የሚለው ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ያለው ተዳፋት ብዙው ከተራራው የወረደ ድንጋይና ሸክላማ አፈር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ መያዣው ይላላል፤ ከታች ያለ ጎረቤት ለመሠረት ሲቆርጠው ደግሞ ድጋፉን ያጣል። እንዲህ ያለ መሬት ብሎኬትንም ይሰነጥቃል።

ስለዚህ አስቀድሞ ስንጥቁን መለየት ነው። ልስኑ ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን ስንጥቅ የድርቀት ነው። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ከሆነ ግን መሠረቱ እየሰመጠ ሊሆን ይችላል። በስንጥቁ ላይ ትንሽ ጄሶ አግድም ለጥፋችሁ ቀኑን ጻፉበት። ክረምቱ ሲወጣ ጄሶው ተሰንጥቆ ካገኛችሁት መሬቱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ያኔ ለልስን የሚወጣ ገንዘብ በከንቱ ይቀራል። መጀመሪያ ውሃውን አባርሩ፦ ለጣሪያው አሸንዳ፣ ከቤቱ በላይ በኩል ቦይ፣ የቦዩ መጨረሻም ወደ መንገዱ ማፋሰሻ እንጂ ወደ ጎረቤት ግቢ አይሁን። ከቤቱ በላይ የተቆፈረ የፍሳሽ ጉድጓድም በጋ ከክረምት መሠረቱን ያረጥባል።

«ግንቡ ይወፍር እንጂ ይችላል» የሚሉም አሉ። የድጋፍ ግንብ ሆዱ ወጥቶ የሚወድቀው ብዙ ጊዜ ከኋላው የታቆረ ውሃ ገፍቶት ነው። በየ1.5 እስከ 2 ሜትሩ 7 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ ወደ ውጭ ዘንበል ብሎ ይቀበር፤ ከግንቡ ኋላም 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይሞላ። ቀዳዳውን «አያምርም» ብሎ በሲሚንቶ መድፈን ግንቡን መግደል ነው።

የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰንም ያው ነው። ሲሚንቶ ከጭቃ ጋር አይዋሃድም፤ እርጥበቱን አፍኖ የውስጡን እንጨት ያበሰብሳል፣ ከዚያ በገበታ በገበታው ይላቀቃል። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ብርዱም እርጥበቱም ይጠናባታል። ለእሷ የሚስማማው ጭድ ገብቶበት ቀናት የሰነበተና በደንብ የተረገጠ የጭቃ ልስን፣ ከላዩም ኖራ ቅብ ነው።